የሕመምተኛ ገመና በሐኪም ስልክ ውስጥ

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ደጃፍ የሚያንኳኳ ነው። ሕፃን ታቅፎ፣ አሮጊት እናቱን ደግፎ ወይም በራሱ ሕመም ተጨንቆ ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው አይገኝም። እዚያ ስንደርስ ለጎረቤት የማንናገረውን እንናገራለን፤ ለእኅት እንኳ የማናሳየውን ገላ እናሳያለን። ይህን የምናደርገው ሐኪሙን ቀድመን ስላወቅነው አይደለም፤ ያየውንና የሰማውን በሆዱ ይዞ እንደሚቀር ስለምናምን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ያገራችን ብሂል ሕመምተኛው ችግሩን ገልጦ እንዲናገር ይመክራል። ሕመምተኛው ገልጦ እንዲናገር ግን ሐኪሙ ምሥጢር ጠባቂ መሆን ይኖርበታል።

እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ሐኪም ከማዳመጫው ጋር ስልክም ይዞ ወደ ሕመምተኛው ክፍል ይገባል። በዚሁ ስልክ ብዙ መልካም ሥራ ተሠርቷል። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሕመም በሚገባን አማርኛ የሚያስተምሩ ሐኪሞች አሉን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ስለ እጅ አስተጣጠብና ስለ ጭምብል አጠቃቀም በየቤቱ የተሰማው ምክር በከፊል የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ወረፋ ይዛ ሐኪም ፊት ለመቅረብ ግማሽ ቀን ከሥራዋ ለምትቀር እናት እንዲህ ያለው ትምህርት ቀላል ስጦታ አይደለም። ሊመሰገንም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የዚህን ጽሑፍ ርእስ እንድናነሣ ያደረገን ከአንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ስሟንም ሆነ የታከመችበትን ቦታ አንጠቅስም።

ገና «ወፌ ቆመች» የሚባልለት ልጅዋ የፈላ ጀበና በእጁ ጎትቶ ቡናው ፈሰሰበት። ቀኝ እጁ ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ተቃጠለ። እናቲቱ ልጇን ይዛ እየሮጠች ሐኪም ቤት ደረሰች። ሐኪሙ ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ እንደ ነበረ ራሷ መስክራለች። ቁስሉን አጥቦ ከመጠቅለሉ በፊት ስልኩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ። «ለካርዱ የሚያስፈልግ መስሎኝ ዝም አልኩ» ትላለች።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን አቀረበችላትና «ይህ ያንቺ ልጅ አይደለም ወይ?» አለቻት። የሕፃኑ ፊት በጥቁር ምልክት ተሸፍኗል። ነገር ግን ራሷ በእጇ የሠራችለት ባለ ቢጫ ቁልፍ ሹራብ ይታያል፤ የነጠላዋም ጥለት ይታያል። ከሥሩ «እናቶች ሆይ፣ ቸልተኝነታችሁ ልጆቻችሁን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከዚያም በታች የማታውቃቸው ሰዎች «ይህችም እናት ተብላ!» እያሉ ይጽፉ ነበር። አማቷም አይታዋለች። ደብዳቤውን እስከ ጻፈችበት ቀን ድረስ ሕፃኑ ቁስሉን ለማስጠረግ የተቀጠረበት ቀን ቢያልፍም ወደዚያ ሐኪም ቤት አልተመለሰችም። «እንዴት ብዬ በዚያ በር ልግባ?» ስትል ትጠይቃለች።

እንግዲህ አንባብያን፣ ነገሩን በርጋታ እንመልከተው። ሐኪሙ ክፉ አሳብ እንዳልነበረው ግልጽ ነው። ሌሎች ሕፃናት እንዳይቃጠሉ ለማስተማር ፈልጎ ነው። ፊቱንም ሸፍኗል፤ ስምም አልጠቀሰም። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

የመጀመሪያው ጥፋት አለመጠየቁ ነው። ፎቶግራፉ ለካርድ ነው ወይስ ለሕዝብ የሚለውን እናቲቱ በግምት እንድታውቀው ተደረገ። ሁለተኛው፣ ፊትን መሸፈን ሰውን መሸፈን ማለት አለመሆኑን ማጣቱ ነው። ሰው በሹራቡ፣ በነጠላው ጥለት፣ በጠባሳው፣ በድምፁ፣ በተጎዳበት ቀንና በሰፈሩ ይታወቃል። ሦስተኛው ደግሞ በሕክምናው ላይ ፍርድ መጨመሩ ነው። ሐኪም ቤት የመጣችው እናት ርዳታ ፈልጋ ነው፤ በአደባባይ ልትወቀስ አልመጣችም።

«ስም ካልጠራሁ ምን አለበት?» የሚለው አስተሳሰብ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ አንዲት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በሥራዋ ላይ ያጋጠሟትን ነገሮች በፌስቡክ ጽፋ ነበር። የሕመምተኛ ስም አልጠቀሰችም። ሆኖም ከጉዳቱ ዓይነት በመነሣት አንድ ሌላ ሰው ሕመምተኛው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ቻለ። ሐኪሟ ጽሑፉን ብታጠፋውም ትሠራበት በነበረው ሆስፒታል የመሥራት መብቷን አጣች። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የግዛቲቱ የሐኪሞች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ገሥጾ 500 ዶላር አስቀጣት። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ምሥጢር የሚወጣው በስም ብቻ አለመሆኑን አንድ የሙያ ቦርድ በግልጽ ወስኗል።

የሐኪም ምሥጢር ጠባቂነት የዛሬ ሕግ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት በግሪክ አገር የተጀመረው የሒፖክራቲስ መሐላ፣ ሐኪሙ በሥራው ያየውንና የሰማውን፣ ሊነገር የማይገባውን ሁሉ ይዞ እንዲቀር ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ምሥጢሩ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ እንኳ እንዲጠበቅ ይላል። የዓለም የሕክምና ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ባደረገው ጉባኤ ሐኪሞች ማኅበራዊ መገናኛን እንዴት መጠቀም እንደሚገባቸው የሚገልጽ መግለጫ አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በበርሊን አሻሽሎታል። ዋና ዋና አሳቦቹ የሚከተሉት ናቸው። የሕመምተኛን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችል ነገር እንዳይወጣ፤ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ያለው ወሰን እንዲጠበቅ፤ የሚሰጠው ትምህርት እውነተኛና የጨዋ ቋንቋ ያለው እንዲሆን፤ ሐኪሙ በሚናገርለት ነገር ጥቅም ካለው እንዲገልጽ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ነገር ለዘለቄታው ሊኖር እንደሚችልም እንዲያስብ ያሳስባል። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ይህንኑ አይደለምን?

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስም ሕመምተኛው ባዶ እጁን አልተተወም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪምም ሆነ ነርስ፣ አዋላጅም ሆነ የመድኃኒት ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምሥጢር ማውጣቱን በወንጀል ያስጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የአንድን ሰው የጤና ሁኔታ የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ጋር ይመድበዋል።

ታዲያ ሐኪም ፎቶግራፍ ጨርሶ አያንሣ ማለታችን ነውን? አይደለም። የቁስልን መዳን ለመከታተል ፎቶግራፍ ይጠቅማል። በወረዳ ከተማ የሚሠራ ሐኪም የራጅ ፎቶግራፍ ለአዲስ አበባ ባለሙያ ልኮ ምክር በመጠየቁ ሕይወት ሊድን ይችላል። ለሕክምና ተማሪዎችም የበሽታን መልክ ማሳየት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለሕመምተኛው ጥቅም ለአንድ ባለሙያ የሚላክና ብዙ ሺህ ሰው ለሚያየው ገጽ የሚለቀቅ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውም ቢሆን ስም ተሰውሮ፣ ሕመምተኛው አውቆትና ተስማምቶበት፣ ሥራው ሲያበቃ ከስልኩ የሚጠፋ መሆን አለበት። ብዙ ሐኪሞች የሚገኙበት የቴሌግራም ቡድንም እንደ ዝግ ክፍል ሊቆጠር አይገባም። ከአባላቱ አንዱ ጣቱን ቢነካ ፎቶግራፉ ወደ ሌላ ቦታ ይሻገራልና።

ፈቃድ የሚባለውም ነገር በሚገባ መታየት ይኖርበታል። አንዲት እናት በምጥ ላይ ሳለች፣ ወይም ልጇ እያለቀሰ፣ መርፌ በእጁ የያዘ ሰው «ፎቶግራፍ ላንሣ?» ቢላት እምቢ ለማለት አቅም የላትም። ሕክምናው የሚጓደልባት ይመስላታል። ስለዚህ ትክክለኛ ፈቃድ የሚጠየቀው ሕመሙ ጋብ ሲል፣ ፎቶግራፉ የት እንደሚወጣና ማን እንደሚያየው ተብራርቶ፣ ቢቻል በጽሑፍ ነው። እምቢ ብትልም ሕክምናዋ እንደማይለወጥ ሊነገራት ይገባል። ከዚህም ሌላ ሕፃን ሲሆን ወላጅ የሚፈቅደው በልጁ ፋንታ መሆኑ መረሳት የለበትም። የዛሬው ሕፃን ነገ ተማሪ ይሆናል፤ የክፍል ጓደኞቹ ያን ፎቶግራፍ ፈልገው ሊያገኙት ይችላሉ።

ለማስተማር የሕፃኑ ፎቶግራፍ ግድ ነበር ወይ? እስቲ ያለ ፎቶግራፍ ትምህርቱን እንስጠው። ቡና የሚፈላበት ምድጃ ሕፃን ከማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። ሕፃን ከተቃጠለ ወዲያውኑ ቁስሉ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቀዝ። በቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እነሆ፣ ትምህርቱ ተሰጠ። የማንም ልጅ ገላ አልታየም፤ የማንም እናት አንገት አልደፋችም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከምሥጢር አልፎ የሕመምተኛውን አካል እስከ መጉዳት ይደርሳል። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት አንዲት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ቀዶ ጥገና እያደረገች በቲክቶክ በቀጥታ ታስተላልፍ ነበር። በሥራው መካከል ወደ ካሜራው እየተናገረች የተመልካቾችን ጥያቄ ትመልስ ነበር። በእርሷ እጅ የታከሙ ሴቶች ለከባድ ጉዳት ተዳርገዋል። የግዛቲቱ የሕክምና ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃዷን ለዘለቄታው ነጥቋታል። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰው የሐኪሙ ዓይንና ልብ የእርሱ ብቻ ይሆን ዘንድ መብት አለው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ለሕክምና ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲባል የታመሙ ሕፃናትና እናቶች ገላ በየገጹ ሲታይ እንመለከታለን። ርዳታ ማሰባሰቡ ሰብአዊ ሥራ ነው። ሆኖም ድህነት ገመናን አይሽርም። ያለው ሰው በተዘጋ በር ሲታከም የሌለው ሰው ለመታከም ገላውን ለአደባባይ እንዲያቀርብ መገደዱ ሊያሳዝነን ይገባል። የሕመሙን ዓይነትና የሚያስፈልገውን ወጪ በጽሑፍ ማስረዳት፣ ማስረጃውንም ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ማሳየት የሚቻል ነገር ነው። በሌሊት ተረኛነት የደከመ ሐኪም ንዴቱን ወይም ቀልዱን በገጹ ላይ ሲጽፍም እንዲሁ ነው። ድካሙ ይገባናል። ቀልዱን የሚያነብ ሕመምተኛ ግን «ነገ የእኔም ተራ ነው» ብሎ በሚቀጥለው ቀጠሮው ግማሹን ደብቆ ይናገራል። ግማሹን የሰማ ሐኪም ደግሞ ግማሹን ብቻ ያክማል።

እኛስ፣ እኅቶቼ? ከወቀሳው ነጻ ነን ወይ? የተኛ ዘመድ ስንጠይቅ ስልክ አውጥተን አልጋውን እናነሣለን፤ በጎን የተኛችው የማናውቃት ሴት አብራ ትገባለች። የልጃችንን ሽፍታ ፎቶግራፍ አንሥተን ለማናውቀው የቴሌግራም ሐኪም እንልካለን። ሐኪም በስልክ ሆድ አይዳስስም፤ ትኩሳት አይለካም፤ ጋወን የለበሰም ሁሉ ሐኪም አይደለም። መድኃኒት ካስተዋወቀ በኋላ እዚያው የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። በስልክ የሚገኝ ምክር «ወደ ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ልቆይ?» የሚለውን ለመወሰን ሊረዳ ይችላል፤ ምርመራን ግን አይተካም።

ስለዚህ በሕክምና ክፍል ውስጥ ስልክ ሲወጣ ስታዩ አራት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ፎቶግራፉ ለምን ይፈለጋል? ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? እምቢ ብል ሕክምናዬ ይጓደላል ወይ? የመጨረሻው መልስ ምን ጊዜም «አይጓደልም» መሆን አለበት። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። «ዶክተር፣ ለካርዱ ከሆነ ይነሣ፤ ከዚህ ክፍል እንዲወጣ ግን አልፈቅድም» ብሎ በጨዋ ቃል መናገር ይበቃል። ቀና ሐኪም አይቀየምም።

ፎቶግራፉ ያለ ፈቃዳችሁ ወጥቶ ብታገኙት ደግሞ ገጹ ከመጥፋቱ በፊት እንደሚታየው በስልካችሁ አስቀሩት፤ ቀኑንም መዝግቡ። ከዚያም ሐኪሙ እንዲያነሣው ጠይቁ። እምቢ ካለ ለሐኪም ቤቱ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚው ክፍል በጽሑፍ አመልክቱ። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ የጤና ባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ጉድለት የሚመረምር ኮሚቴ አለ፤ በጤና ቢሮ በኩል መጠየቅ ይቻላል። በስድብ መመለስና ገጹን «እዩልኝ» ብሎ ለሌላ ማስተላለፍ ግን ገመናውን የባሰ ያሰፋዋል።

ደብዳቤ ለጻፍሽልን እኅታችን የምንመልሰው ይህን ነው። ማፈር የሚገባሽ አንቺ አይደለሽም። ጀበና በየቤቱ አለ፤ ሕፃንም በየቤቱ አለ። መብትሽን ጠይቂ፤ ፎቶግራፉም ይነሣልሽ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ልጅሽን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይዘሽ ሂጂ። የጣት ቃጠሎ በጊዜው ካልታየና ጣቶቹ እንዲንቀሳቀሱ ካልተደረገ፣ ቁስሉ ሲድን ቆዳው እየተሸበሸበ ጣቶቹን አጥፎ ሊያስቀራቸው ይችላል። በዚያ በር መግባት ከከበደሽ ካርድሽን ወይም የሕክምና ማስረጃሽን ጠይቀሽ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የአንድ ፎቶግራፍ ጥፋት በሕፃኑ እጅ ላይ ዕዳ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ለሐኪሞቻችንም አንድ ቃል እናክላለን። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ይህን ጠንቅቀው እንደሚያውቁና እንደሚጠብቁ እናምናለን። ትምህርታችሁን አታቋርጡ፤ በስልካችን እንጠብቃችኋለን። ፎቶግራፉን ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ይህችው እናት በምሳ ሰዓት ከባልደረቦቿ ጋር ተቀምጣ ስታየው ምን ይሰማታል ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ አስቡ። ሌላ ሐኪም አጥፍቶ ስታዩም ዝም አትበሉ፤ በመጀመሪያ ለብቻው ንገሩት። የእናንተ ዝምታ የሚጎዳው እኛን ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጉዳይ ያጋጠማችሁ ነገር ካለ ጻፉልን። ስማችሁ እንዲገለጽ ካልፈለጋችሁ አይገለጽም። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ጤና ይስጥልን።